የዕፅዋት ተረፈ ምርት ዐመድና የሸክላ አፈር ለቲማቲም ማብቀያነት፦ መጠኑ በምን ይለካ?

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የዕፅዋት ተረፈ ምርት ዐመድን ከሸክላ አፈር ጋር ቀላቅሎ ለቲማቲም ማብቀያነት ማዋል በየአካባቢው የሚገኝና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አማራጭ ነው። ሆኖም የድብልቁ መጠን ሲገለጽ «አንድ እጅ ዐመድ ለዘጠኝ እጅ አፈር» በሚል የይዘት ምጣኔ ብቻ የሚቀርብ ከሆነ ምክሩ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሊሸጋገር አይችልም። ይህ ጽሑፍ የዐመዱ መጠን በሁለት ልኬቶች ሊወሰን እንደሚገባ ያስረዳል፤ እነርሱም አሲድ የማምከን አቅሙና የሚሟሟ ፖታሲየም ይዘቱ ናቸው። ከሁለቱ ቀድሞ የሚሞላው ገደብ የድብልቁ ጣሪያ ነው። ነጥቡ በምሳሌያዊ ስሌት ከታየ በኋላ የዐመድን የኖራነትና የማዳበሪያነት ውጤት ለይቶ ለማየት የሚያስችል የሙከራ ንድፍ ይቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዐመድ፣ ሸክላ አፈር፣ ቲማቲም፣ የማብቀያ ቁስ፣ ፒኤች፣ ፖታሲየም

1. መግቢያ

የምድጃ ዐመድ በኢትዮጵያ ገጠር አይጣልም። ከእበትና ከቤት ጥራጊ ጋር ተደባልቆ በጓሮ እንሰት፣ ጎመንና ቡና ሥር ይደፋል። ለቤት የቀረበው መሬት ራቅ ካለው የተሻለ ለምነት ይዞ የሚገኝበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከቤት ምድጃ ውጪም በብዛት የሚከማች ተረፈ ምርት አለ። በጅማና በሲዳማ የቡና ገለፈት፣ በፎገራ ሜዳ ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣ የሩዝ ገለፈት፣ በወንጂና በመተሐራ ደግሞ ጭማቂው ከወጣለት ሸንኮራ አገዳ የሚተርፈውና በማሞቂያ ውስጥ የሚነደው ባጋስ ይጠቀሳሉ።

በሌላ በኩል ችግኝ አፍይዎችና በጠባብ ቦታ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ከውጭ የሚገባውን ፒት ወይም ኮኮፒት ለመግዛት አቅም ያጥራቸዋል። ሸክላ አፈር ግን በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በደጅ ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱን ማዋሐድ ተገቢ ሐሳብ ነው፤ ጥያቄው ስንት ዐመድ ለስንት ሸክላ የሚለው ነው።

በዚህ ርእስ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚነደፍ ሙከራ ቀላሉን መንገድ ሊከተል ይችላል። ዐመድ ከ0 እስከ 30 በመቶ በይዘት ይደባለቃል፣ ቲማቲም ይተከላል፣ ፍሬው ይመዘናል፣ የተሻለው ምጣኔ ይመከራል። እንዲህ ያለው ውጤት በተሠራበት ቦታ፣ በዚያው ዐመድና በዚያው አፈር ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ምክሩ የተገኘው በአሲዳማው የጅማ ቀይ አፈር ላይ ሆኖ ተግባራዊ የሚደረገው በመቂና በባቱ ዙሪያ ባለው ወደ አልካላይንነት ያዘነበለ መሬት ላይ ከሆነ፣ አንዱን ያለማው ምጣኔ ሌላውን ያጠፋል። ጉዳቱም በችግኝ ላይ ገንዘቡንና የዝናብ ወቅቱን ባዋለው ገበሬ ላይ ይወድቃል።

2. ዐመድ ሁሉ አንድ አይደለም

ዕፅዋት ሲቃጠሉ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን በጋዝ መልክ ይሄዳሉ፤ ሰልፈርም በከፊል ይከተላቸዋል። የሚቀረው ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፎስፎረስ፣ ሲሊካና ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ያሉበት የማዕድን ቅሪት ነው። ስለዚህ ዐመድ የቲማቲምን የናይትሮጅን ፍላጎት አያሟላም። ማንኛውም የዐመድ ድብልቅ ናይትሮጅንን ከብስባሽ ወይም ከማዳበሪያ ማግኘት ይኖርበታል።

በቅሪቱ ውስጥ የየንጥረ ነገሩ ድርሻ እንደ ዕፅዋቱ ዓይነት በእጅጉ ይለያያል። የእንጨት ዐመድ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ አሲድ የማምከን አቅሙም ብዙውን ጊዜ ከንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ከአንድ አራተኛ እስከ ከግማሽ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። የሩዝ ገለፈት ዐመድ ከ85 እስከ 95 በመቶው ሲሊካ ሲሆን አሲድ የማምከን አቅሙ አነስተኛ ነው። የባጋስ ዐመድም በሲሊካ የበዛ ነው። የቡና ገለፈት ዐመድ በተቃራኒው በፖታሲየም እጅግ የበለጸገ ነው። ይህ ፖታሲየም በአመዛኙ በካርቦኔት መልክ ስለሚገኝ በውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ በአንድ ጊዜ አልካላይንም ጨውም ሆኖ ይሠራል።

እዚህ ላይ ሊለይ የሚገባው መሠረታዊ ነገር የፒኤች ንባብና የማምከን አቅም ልዩነት ነው። የሩዝ ገለፈት ዐመድ በውኃ ተበጥብጦ ሲለካ ፒኤቹ ከ8 በላይ ሊያሳይ ይችላል፤ የእንጨት ዐመድ ደግሞ ከ10 በላይ ይደርሳል። ንባቡ የሚናገረው በዚያች ቅጽበት በውኃው ውስጥ ስላለው የአልካላይን ብርታት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ዐመድ ስንት አሲድ ሊያመክን እንደሚችል አይናገርም። ስለዚህ «የዐመዱ ፒኤች 10.5 ነው» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ዘገባ መጠን ለመወሰን የሚያስችል መረጃ አልሰጠም።

አቃጠሉና አቀማመጡም ልዩነት ያመጣሉ። በዝቅተኛ ሙቀትና በቂ አየር ሳያገኝ የተቃጠለ ተረፈ ምርት ከዐመድ ይልቅ ከሰል ይበዛበታል። ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በላይ ሲሆን ፖታሲየም እየተነነ መሄድ ይጀምራል፤ የካልሲየም ካርቦኔቱም ወደ ኦክሳይድ ተለውጦ ይበልጥ የሚያቃጥል ይሆናል። ከቤት ውጭ ተከምሮ ክረምት ያለፈበት ዐመድ የሚሟሟ ፖታሲየሙን በዝናብ ያጣል፤ የቀረው ኦክሳይድም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ እንደገና ወደ ካርቦኔት ይመለሳል። ከአንድ ቤት የተገኘ የመስከረም ዐመድና የጥር ዐመድ ሁለት የተለያዩ ቁሶች ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የስም መመሳሰልም ጥንቃቄ ይሻል። በግንባታ ሥራ «ሬድ አሽ» እየተባለ የሚጠራው ቀይ ጠጠር ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ስለሆነ ከዕፅዋት ዐመድ ጋር በኬሚካዊ ባሕርዩ አይገናኝም። በማብቀያ ቁስ ውስጥ ግን የራሱ ጠቃሚ ቦታ አለው፤ ወደ እርሱ ቆይተን እንመለሳለን።

3. ጥሬ ሸክላና የተተኮሰ ሸክላ

በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ቃል ጥሬውን አፈርም ከእሳት የወጣውንም ዕቃ ይገልጻል። በማብቀያ ቁስነት ግን የሁለቱ ተግባር ይለያያል።

ጥሬ ሸክላ የሚፈለገው በካታዮን ልውውጥ አቅሙ ነው። የሸክላ ቅንጣቶች ገጽ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና አሞኒየምን ይዞ በውኃ እንዳይታጠቡ ያደርጋል፤ ሥር ሲፈልጋቸውም ይለቃቸዋል። ይህ አቅም እንደ ማዕድኑ ዓይነት ይለያያል። ካኦሊናይት በኪሎ ግራም ከ3 እስከ 15 ሴንቲሞል ቻርጅ ሲይዝ፣ ስሜክታይት ከ80 እስከ 150 ይይዛል። ካኦሊናይት የሚበዛበት የደጋውና የወይና ደጋው ቀይ አፈር እንዲሁም በስሜክታይት የበለጸገው መረሬ አፈር ለተመሳሳይ የዐመድ መጠን የተለያየ ምላሽ የሚሰጡት ስለዚህ ነው። መረሬው ብዙ ፖታሲየም ይሸከማል፤ ቀዩ አፈር ግን ቶሎ ይሞላና የተረፈው በአፈሩ ውኃ ውስጥ ጨው ሆኖ ይቀራል።

የጥሬ ሸክላ ድክመት በመትከያ ዕቃ ውስጥ ይጎላል። በመስክ ላይ የዝናብ ውኃ ወደ ታች የሚሳበው የአፈሩ ዐምድ ወደ ጥልቁ ስለሚቀጥል ነው። በዕቃ ውስጥ ግን ዐምዱ ከታች ይቋረጣል፤ ከቀዳዳው በላይም ውኃ የጠገበ ንብርብር ይቀራል። የንብርብሩ ከፍታ የሚወሰነው በቀዳዳዎቹ ስፋት እንጂ በዕቃው ቁመት ስላልሆነ፣ ዕቃው ባጠረ ቁጥር ከጠቅላላው ይዘት ውኃ የጠገበው ድርሻ ይጨምራል። ደቃቅ ሸክላ በ20 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ውስጥ ብቻውን ሲሞላ የቲማቲም ሥር አየር ያጣል። ለዕቃ የሚሆን ቁስ ውኃ ከተንጠፈጠፈ በኋላም ቢያንስ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል አየር የሚይዝ ክፍተት ሊኖረው ይገባል።

ዐመድ ይህን ችግር አያቃልልም፤ ሊያባብሰውም ይችላል። የዐመድ ብናኝ በጓሎች መካከል ያሉትን ሰፋፊ ክፍተቶች ይሞላል። ፖታሲየም የበዛበት ዐመድ የሸክላ ቅንጣቶችን ይበታትናል፤ ካልሲየም የበዛበት ደግሞ ያያይዛቸዋል። በብዛት ከተጨመረና ድብልቁ በጣም አልካላይን ከሆነ ካልሲየም ከሸክላው ሲሊካና አሉሚና ጋር ተዋሕዶ መጠንከር ይጀምራል። የመንገድ መሐንዲሶች ሸክላማ መሬትን በኖራ የሚያጠነክሩት በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። ለመንገድ መደልድል ጥቅም የሆነው ለሥር እንቅፋት ይሆናል።

የተተኮሰ ሸክላ፣ ማለትም የተሰበረ ገል ወይም የጡብ ስባሪ፣ በዚህ ቦታ ይረዳል። ካኦሊናይት ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ መዋቅሩ ይፈርሳል፤ የካታዮን ልውውጥ አቅሙን በአብዛኛው ያጣል፤ በውኃም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በምትኩ ጠንካራና ቀዳዳማ ቅንጣት ይሆናል። ስለዚህ ጥሬው ሸክላ ንጥረ ነገርን ይይዛል፣ ገሉ አየርንና ውኃን ያመጣጥናል። ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የተሰበረ ገል፣ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም ፑሚስ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። የሩዝ ገለፈትም ሙሉ በሙሉ ዐመድ ከማድረግ ይልቅ አየር በሚያጥርበት ሁኔታ ወደ ከሰልነት ቢለወጥ ቅርጹን ስለሚጠብቅ ሸክላውን ያላላል፤ በጃፓንና በፊሊፒንስ የከሰለ የሩዝ ገለፈት ለችግኝ ማብቀያነት ያገለግላል።

4. የአንድ መትከያ ዕቃ ስሌት

የሚከተለው ስሌት የመስክ ውጤት ዘገባ አይደለም፤ የመጠኖቹን ስፋት ለማሳየት የቀረበ ምሳሌ ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ዕቃ እንውሰድ። 9 ሊትር ቀይ ሸክላ አፈር ይዟል እንበል፤ ክብደቱ 9 ኪሎ ግራም፣ ፒኤቹ 5፣ የካታዮን ልውውጥ አቅሙ በኪሎ ግራም 15 ሴንቲሞል ቻርጅ ይሁን። ለቲማቲም ወደሚስማማው ፒኤች 6.5 ለማድረስ በኪሎ ግራም 4 ሴንቲሞል አልካላይን ያስፈልገዋል እንበል። በዚህ መሠረት ለዕቃው በሙሉ 36 ሴንቲሞል፣ ማለትም 18 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይበቃል።

ዐመዱ ከቤት ምድጃ የተገኘ የእንጨት ዐመድ ሆኖ የማምከን አቅሙ 50 በመቶ፣ ፖታሲየሙ 6 በመቶ፣ የአንድ ሊትር ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ይሁን። የሚያስፈልገው 36 ግራም ነው። ይህም በይዘት 72 ሚሊ ሊትር፣ የአንድ ቡና ሲኒ ያህል ማለት ነው።

አሁን «አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ» የሚለው ምጣኔ ምን እንደሚያደርግ እንይ። አንድ ሊትር ዐመድ 500 ግራም ይመዝናል፤ የ250 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት አቻ ነው፤ በኪሎ ግራም አፈር ወደ 56 ሴንቲሞል የሚጠጋ አልካላይን ይጨምራል። አፈሩ ከሚፈልገው 14 እጥፍ ማለት ነው። በትንሹ የሚመስለው 10 በመቶ ምጣኔ በኖራ አነጋገር ግዙፍ መጠን ነው።

ፖታሲየሙም እንዲሁ ነው። 500 ግራም ዐመድ 30 ግራም ፖታሲየም ይሰጣል፤ ይህም በኪሎ ግራም አፈር 8.5 ሴንቲሞል፣ ማለትም ከልውውጥ አቅሙ ከግማሽ በላይ ነው። ግማሹ ወዲያው የሚሟሟ ነው፣ ከእርሱም ሦስት አራተኛውን ሸክላው ያዘው ብንል እንኳ፣ ቀሪው በ4 ሊትር የአፈር ውኃ ውስጥ 24 ሚሊሞል በሊትር ይሆናል። በሻካራ ግምት ይህ ብቻውን 2.4 ዴሲ ሲመንስ በሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ያመጣል። ቲማቲም ምርት መቀነስ የሚጀምርበት የታወቀው ገደብ በጠገበ የአፈር ጭማቂ ሲለካ 2.5 ነው፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ አሐድ ምርቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ ማዳበሪያ ሳይጨመርና የመስኖው ውኃ ጨው ሳይቆጠር ድብልቁ ገደቡ ላይ ደርሷል።

በ36 ግራሙ መጠን ግን የሚጨመረው ፖታሲየም 2.2 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከልውውጥ አቅሙ 4 በመቶ ነው። ይህ ለሥር ሚዛናዊ መነሻ ነው፤ ለወቅቱ በሙሉ ግን አይበቃም። አንድ ኪሎ ግራም የቲማቲም ፍሬ ወደ 2.4 ግራም ፖታሲየም ስለሚይዝ፣ 3 ኪሎ ግራም የሚሰጥ ተክል በፍሬው ብቻ ከ7 ግራም በላይ ይወስዳል። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የእንጨት ዐመድ በአሲዳማ አፈር ላይ የፖታሲየምን ፍላጎት ከማሟላቱ በፊት የኖራ ጣሪያው ይሞላል። ጎደሎው ፒኤችን በማይቀይር ምንጭ፣ ለምሳሌ በፖታሲየም ሰልፌት፣ በየጊዜው እየተከፈለ መሟላት አለበት እንጂ ተጨማሪ ዐመድ በመነስነስ አይደለም።

ዐመዱ ከቡና ገለፈት ሲሆን ስሌቱ ይገለበጣል። የማምከን አቅሙ 60፣ ፖታሲየሙ 30 በመቶ ቢሆን፣ አፈሩን ለማከም 30 ግራም ይበቃል። ይህ 30 ግራም ግን 9 ግራም ፖታሲየም ይዞ ይመጣል፤ ከልውውጥ አቅሙ 17 በመቶ ገደማ ነው። ለወቅቱ የሚበቃው ፖታሲየም በሙሉ ገና ሥር ባልሰደደ ችግኝ ዙሪያ በአንድ ቀን ይቀርባል። ስለዚህ እዚህ ቀድሞ የሚሞላው የፖታሲየምና የጨው ገደብ ነው፤ ከፊሉን የአሲድ ማምከን ሥራ ለተራ ኖራ መተው ይሻላል። የሩዝ ገለፈት ዐመድ የማምከን አቅሙ 3 በመቶ ቢሆን ደግሞ ለዚያው አፈር 600 ግራም ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ብናኝ የሸክላውን አየር ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ዐመድ እንደ ኖራ መቁጠር አይቻልም።

5. ከመጠን ያለፈ ዐመድ በተክሉ ላይ የሚያሳየው

ፒኤች ከ7.5 ሲያልፍ ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ በአፈሩ ውስጥ እያሉ ለሥር የማይደረስባቸው ይሆናሉ። አዳዲሶቹ ቅጠሎች በደም ሥሮቻቸው መካከል ይገረጣሉ። አምራቹ ይህን የናይትሮጅን እጥረት አድርጎ ወስዶ ዩሪያ ሊጨምር ይችላል። በአልካላይን ድብልቅ ውስጥ ዩሪያና አሞኒየም መጨመር ሌላ ጉዳት ያስከትላል። በፒኤች 7.25 ከአሞኒየም ናይትሮጅን 1 በመቶው ብቻ በአሞኒያ ጋዝ መልክ ሲገኝ፣ በ8.25 ወደ 9 በመቶ፣ በ9.25 ደግሞ ወደ ግማሽ ይደርሳል። ጋዙ ናይትሮጅኑን ይዞ ይሄዳል፤ ለጋ ሥርንም ያቃጥላል። ትኩስ የዶሮ ኩስን ከዐመድ ጋር አንድ ላይ መቀላቀል የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምልክት የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ መበስበስ ነው። ይህ ሕመም በሽታ አምጪ ተሕዋሲ የሚያመጣው አይደለም፤ ካልሲየም በቂ ሆኖ ወደ ፍሬው ጫፍ ባለመድረሱ የሚከሰት ነው። ዐመድ ካልሲየም ስላለው ችግሩን ያስቀራል ብሎ መገመት ይቀናል። ሆኖም ከፍተኛ ፖታሲየም በሥር ላይ ከካልሲየም ጋር ይሻማል፤ የአፈሩ ጨው መብዛትም የውኃ አወሳሰድን ስለሚቀንስ ከውኃ ጋር የሚጓዘውን ካልሲየም ያጓድላል። በዚህ ምክንያት በካልሲየም የበለጸገ ድብልቅ ላይ የካልሲየም እጥረት ምልክት ሊታይ ይችላል።

6. የቦታና የውኃ ጉዳይ

በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። በነዚህ አካባቢዎች፣ በተለይም ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የደቡብ ደጋማ ቦታዎች፣ በልክ የተጨመረ ዐመድ አሲዱን ያመክናል፤ በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ የነበረው ፎስፎረስም ይበልጥ እንዲገኝ ይረዳል። የእንጨትና የቡና ገለፈት ዐመድ ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው።

ቲማቲም በስፋት ከሚመረትባቸው አካባቢዎች አንዱ ግን መካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። እዚያ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛባቸዋል። እንዲህ ያለ ውኃ በየመስኖው አልካላይንነት ይጨምራል። አፈሩ ቀድሞውኑ ፒኤቹ ከ7.5 በላይ ከሆነ የዐመድ ኖራነት ጥቅም የለውም፤ የፖታሲየም እጥረት መኖሩ በምርመራ ካልተረጋገጠ በቀር ዐመድ መጨመር ምክንያት ያጣል። እዚህ ተረፈ ምርቱን ከማቃጠል ይልቅ ማብላላት ይመረጣል፤ ናይትሮጅኑም በጢስ አይጠፋም፤ ኦርጋኒክ ቁሱም ሸክላውን ያላላል። «ይቃጠል ወይስ ይብላላ?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ዐመድ?» ከሚለው መቅደም አለበት።

7. የሙከራ ንድፍ

ዐመድ ሲጨመር ምርት ቢያድግ መንስኤው ቢያንስ ከሦስት አንዱ ነው። ፒኤቹ ተስተካክሏል፣ ፖታሲየም ተጨምሯል፣ ወይም ሌላ ነገር ተለውጧል። ዐመድ ያለበትንና የሌለበትን ብቻ የሚያወዳድር ሙከራ እነዚህን መለየት አይችልም። ለመለየት የሚከተሉት ስድስት ድርጊቶች በቂ ናቸው፦

ሀ) ዐመድ የሌለበት ሸክላና ገል፤
ለ) ፒኤችን ወደ 6.5 የሚያደርስ ዐመድ፤
ሐ) ከ«ለ» ጋር እኩል የማምከን አቅም ያለው ካልሲየም ካርቦኔት፤
መ) ከ«ለ» ጋር እኩል ፖታሲየም የያዘ ፖታሲየም ሰልፌት፤
ሠ) «ሐ» እና «መ» በአንድነት፤
ረ) የ«ለ» እጥፍ ዐመድ።

ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለሁሉም እኩል ይሰጣል፤ ፖታሲየም ሰልፌት ባልገባባቸው ድርጊቶች የሰልፈሩ ልዩነት በጥቂት ጂፕሰም ይካካሳል። «ለ» ከ«ሐ» ጋር እኩል ከሆነ ዐመዱ የሠራው እንደ ኖራ ብቻ ነው። ከ«ሠ» ጋር እኩል ሆኖ ከ«ሐ» ከበለጠ ፖታሲየሙም ሠርቷል። «ሠ»ን ከበለጠ ሌላ መንስኤ መፈለግ ተገቢ ይሆናል። እነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ የታወቁ ስለሆኑ ትንታኔው ሁሉንም ጥንድ ከማወዳደር ይልቅ ቀድመው በተወሰኑ ንጽጽሮች ላይ ቢመሠረት የበለጠ ጥራት ይኖረዋል።

የማምከን አቅሙን ለመለካት ቀላል ቤተ ሙከራ ይበቃል። 1 ግራም በወንፊት ያለፈ ደረቅ ዐመድ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ባለ 0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል፤ በቀስታ ይሞቃል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የተረፈው አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለካል። የተጨመረው አሲድ 25 ሚሊሞል ነው። ከዚህ 15 ቢተርፍ ዐመዱ የተጠቀመው 10 ሚሊሞል ነው፤ በ5 ሲባዛ የካልሲየም ካርቦኔት አቻው 50 በመቶ ይሆናል። ከዚያም አፈሩ ራሱ ይጠየቃል። በኪሎ ግራም አፈር 0፣ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ግራም ዐመድ ተደባልቆ በእርጥበት ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ፒኤቹ ተለክቶ በግራፍ ይሰፍራል። 6.5ን የሚነካው ነጥብ የ«ለ» መጠን ነው። የሚሟሟው ፖታሲየምና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱም በዚያው ናሙና ይለካሉ።

ሦስት ጥንቃቄዎች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ የሙከራው አሐድ የመትከያ ዕቃው ነው፤ ከአንድ ተክል የተለቀሙ አሥር ፍሬዎች አሥር ድግግሞሽ አይሆኑም። ሁለተኛ፣ ዐመዱ በሙሉ ከአንድ ክምር ከተወሰደ ውጤቱ ስለዚያ ክምር ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቡና ገለፈት ዐመድ ለመናገር ከተለያዩ ቦታዎችና ቃጠሎዎች የተገኙ ክምሮች በድግግሞሽነት መግባት አለባቸው። ሦስተኛ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም የከተማ ቆሻሻ የተቀላቀለበት ዐመድ በከባድ ብረቶች ሊበከል ስለሚችል ለምግብ ሰብል አይውልም። ዝርያውም ይጠቀስ፤ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቁት መልካሾላና መልካሳልሳ በአገር ውስጥ የታወቁ በመሆናቸው ውጤቶችን ለማነጻጸር ይረዳሉ። ከጠቅላላ ምርት ሌላ ለገበያ የሚበቃው ፍሬ ክብደት፣ ጫፉ የጠቆረው ፍሬ ቁጥር፣ የቅጠል ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማንጋኒዝ፣ እንዲሁም በወቅቱ መጨረሻ የአፈሩ ፒኤች ሊመዘገቡ ይገባል።

8. መደምደሚያ

ዐመድና ሸክላ በአንድነት ለቲማቲም ጠቃሚ የማብቀያ ቁስ ሊሆኑ የሚችሉት እያንዳንዱ ድርሻው ሲታወቅ ነው። ጥሬው ሸክላ ንጥረ ነገር ያቆያል፣ ገሉ ወይም ጠጠሩ አየር ይሰጣል፣ ዐመዱ አሲድ ያመክናል፣ ከፊል ፖታሲየምም ያቀርባል። ናይትሮጅን ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት። የዐመዱ መጠን የሚወሰነው ከማምከን አቅሙና ከሚሟሟ ፖታሲየሙ ቀድሞ ገደቡን በሚሞላው ነው።

ለገበሬው የሚደርሰው ምክር በሲኒና በባልዲ ቢነገር ምንም ጉድለት የለውም፤ ገበሬው የሚሠራበት መለኪያ እርሱ ነውና። ሲኒው ግን ለየትኛው ዐመድ፣ ለየትኛው አፈርና ለየትኛው ውኃ እንደሆነ ተመራማሪው አስቀድሞ በግራምና በሴንቲሞል ማስላት ይጠበቅበታል። በዚህ ርእስ ላይ የሚዘጋጁ የመመረቂያ ጥናቶች የዐመዱን ምንጭ፣ የማምከን አቅምና የሚሟሟ ፖታሲየም በሠንጠረዥ ካሰፈሩ፣ ከጅማ የተገኘ ውጤት በወረታም በመቂም ሊመረመርና እንደየቦታው ሊስተካከል ይችላል።